ዋሽንግተን ውስጥ የላቲን አሜሪካን ባህል የት ማየት ይሻላል? ሰፈሮችን፣ ዳንስ ቤቶችንና መድረኮችን ያነጻጸረ መመሪያ

በዋሽንግተን ዲሲ ወይም በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከላቲን አሜሪካ ከመጡ ሰዎች ጋር የማይገናኝበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። በሥራ ቦታ፣ በአውቶቡስ፣ በልጆች ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ አብረው ይውላሉ። ይሁን እንጂ ሙዚቃቸውን ልስማ፣ ትያትራቸውን ልይ፣ ምግባቸውን በቦታው ልቅመስ ብሎ የተነሣ ሰው ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ በቅድሚያ የሚያገኘው በማስታወቂያ የበረቱትን የመሐል ከተማ ቤቶች ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ጥቂት ነገር አይቶ ነው። ቤቶቹ መጥፎ ሆነው አይደለም፤ የተከፈቱት ለሌላ ዓላማ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ አማራጮቹን ለማነጻጸር ከዋጋና ከርቀት በፊት አንድ ጥያቄ መቅደም አለበት፦ ይህ ቤት በዋናነት ደንበኛዬ ብሎ የሚጠብቀው ማንን ነው? የአገሩን ሰው የሚጠብቅ ቤት፣ ዳንስ ወዳድን ሁሉ የሚጠብቅ ቤትና ጎብኚን የሚጠብቅ ቤት በዋጋ፣ በቋንቋ፣ በሙዚቃ ምርጫና በሰዓት ይለያያሉ። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር የሚያርፈው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ከተማዋ የማን ናት?

ላቲን አሜሪካ ወደ ሃያ የሚጠጉ አገሮችን በአንድ ስም የሚጠራ አጠራር ነው፤ በአሜሪካ ከተሞች ውስጥ ግን እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ዋና ባለቤት አለው። ማያሚ የኩባውያን፣ ኒው ዮርክ የፖርቶ ሪኮና የዶሚኒካን ሰዎች፣ ሎስ አንጀለስ ደግሞ የሜክሲኮ ሰዎች አሻራ ያረፈባቸው ናቸው። የዋሽንግተን አካባቢ ከሁሉም በላይ የኤል ሳልቫዶር ነው። ከ1980 እስከ 1992 የቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ብዙ ሕዝብ ሲያሰድድ፣ በተለይ ኢንቲፑካ ከምትባል አነስተኛ ከተማ የተነሡ ሰዎች አንዱ ሌላውን እየጠራ ማውንት ፕሌዛንት በሚባለው የዲሲ ሰፈር ሰፈሩ። በሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ በአሜሪካ ትልቁ የቦሊቪያ ማኅበረሰብ ይኖራል፤ የፔሩ፣ የጓቲማላና የሆንዱራስ ሰዎችም ብዙ ናቸው። ከዚህ የተነሣ በፊልም ያየውን የሃቫና ምሽት እዚህ አገኛለሁ ብሎ የሚወጣ ሰው ማግኘቱ አይቀርም፤ ሆኖም ያገኘው ነገር ለጎብኚ ተብሎ የተሰናዳ መሆኑን አውቆ ቢገባ ቅር አይሰኝም።

ሦስቱ አካባቢዎች

በዲሲ ውስጥ ያሉት ሦስት ተጎራባች ሰፈሮች፣ ማለትም ማውንት ፕሌዛንት፣ ኮሎምቢያ ሃይትስና አዳምስ ሞርጋን፣ በእግር የሚያያዙ ስለሆኑ እንደ አንድ ሊታዩ ይችላሉ። ማውንት ፕሌዛንት በግንቦት 1991 አንድ ፖሊስ አንድን የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ ከተኮሰበት በኋላ ለቀናት ሁከት የታየበት ሰፈር ነው፤ ያ ሁከት የከተማው አስተዳደር ስፓኒሽ ተናጋሪ ነዋሪዎቹን እንዴት ችላ እንዳለ ገልጦ አሳየ። በ2004 የወጣው የከተማው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ዛሬ የመንግሥት ቅጾች ከስፓኒሽ ጎን በአማርኛም እንዲገኙ ያስቻለ መሆኑን ስናስብ፣ የእነርሱ ጥያቄ ለእኛም ሳይጠቅም እንዳልቀረ መገመት ይቻላል። አዳምስ ሞርጋን ደግሞ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በ1980ዎቹ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በ18ኛው መንገድ ላይ ሲከፈቱ ጎረቤቶቻቸው የላቲን ቤቶች ነበሩ። ከ1982 ጀምሮ ፍሎሪዳ አቬኑ ላይ የቆየው ኤል ታማሪንዶ የኤል ሳልቫዶርና የሜክሲኮ ምግብ የሚያቀርብ የዚያ ዘመን ቤት ነው።

የእነዚህ ሰፈሮች ብርታት ሁሉም ነገር በቅርብ መገኘቱ ነው። ከኮሎምቢያ ሃይትስ የሜትሮ ጣቢያ የወጣ ሰው መኪና ሳያስፈልገው ትያትር ቤት፣ የባህል ተቋምና የፑፑሳ (የኤል ሳልቫዶር የተሞላ የበቆሎ ቂጣ) ቤት በአንድ ከሰዓት በኋላ ማዳረስ ይችላል። ድክመታቸው የቤት ኪራይ መናር ነው፤ ብዙዎቹ የቀድሞ ነዋሪዎች ወደ ሜሪላንድ ስለተገፉ ዛሬ በአንዳንዶቹ ቤቶች የሚያስተናግደው እንጂ የሚስተናገደው ላቲን አሜሪካዊ አይደለም። የ18ኛው መንገድ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ደግሞ የወጣቶች መጠጫ ስለሚሆን፣ ባህል ልይ ብሎ ለወጣ ሰው ከሁሉም ያነሰው ጊዜ ያ ነው።

የአገሩን ሰው የሚጠብቁት ቤቶች በብዛት ያሉት በሜሪላንድ በኩል፣ በዊተንና በላንግሊ ፓርክ ነው። ዊተን በሜትሮው ቀይ መስመር ላይ በመሆኑ ለመድረስ ይቀላል፤ የጣቢያው ተንቀሳቃሽ ደረጃ 70 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለውና በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ረጅሙ ነው፤ ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህም ራሱ ትርኢት ነው። ላንግሊ ፓርክ በአውቶቡስ ወይም በመኪና የሚደረስበት፣ ጌጥ የሌለው፣ የምግብ ዝርዝሩ በስፓኒሽ ብቻ የተጻፈባቸው ቤቶች የማይጠፉበት አካባቢ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለሁለቱም ቅርብ ስለሆነ ወደ ዲሲ መውረድ ሳያስፈልገው የተሻለውን በርካሽ ያገኛል።

ቨርጂኒያ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም። አርሊንግተን፣ ፎልስ ቸርችና አካባቢያቸው የቦሊቪያና የፔሩ ምግብ ከሌላው የሚበልጥባቸው ቢሆኑም፣ ቤቶቹ በየገበያ አዳራሹ ተበታትነው ስለሚገኙ ያለ መኪና ሁለት ቤት በአንድ ቀን ማየት ያዳግታል። በአሜሪካ የሙቀት ወራት በሚካሄዱ በዓላት የቦሊቪያ የዳንስ ቡድኖች ካፖራሌስ የሚባለውን በቃጭል የታጀበ ጭፈራ በሙሉ አልባሳት ሲያቀርቡ ለማየት ግን ከቨርጂኒያ የተሻለ ቦታ የለም።

ዳንስ

ብዙ ሰው ስለዚህ ጉዳይ የሚጠይቀው በዳንስ ምክንያት በመሆኑ፣ እዚህ ላይ ዘርዘር ማድረግ ይገባል። የዳንስ ምሽት በሦስት ዓይነት ቦታ ይገኛል። የመጀመሪያው ቀን ምግብ ቤት ሆኖ ውሎ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ከእራት በኋላ ጠረጴዛዎቹ ተገፍተው ወደ ዳንስ ቤት የሚለወጠው ነው። ሳልሳ፣ ባቻታ፣ ሜሬንጌና ሬጌቶን የሚባሉት የዳንስ ሙዚቃዎች ተደባልቀው ይጫወታሉ፤ መግቢያ የሚከፈለው ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል። ለልደት ወይም ለጓደኛሞች ምሽት ጥሩ ነው። ዳንሱን መማር ለሚፈልግ ሰው ግን ወለሉ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ፣ መጠጡም ቅርብ ስለሆነ አይመከርም።

ሁለተኛው የዳንስ ትምህርት ቤቶች የሚያዘጋጁት፣ ዳንሰኞቹ ራሳቸው «ሶሻል» የሚሉት ምሽት ነው። በቅድሚያ ለጀማሪዎች አጠር ያለ ትምህርት ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜ ዋጋው ከመግቢያው ጋር ተጠቃሎ ይከፈላል፤ ከዚያ ሙዚቃው ይቀጥላል። የሚመጣው ሰው ከየአገሩ ነው፤ ብዙው ውኃ እንጂ መጠጥ አይይዝም፤ አጣማጅ ይዞ መምጣትም አያስፈልግም። ሥርዓቱ ግልጽ ነው፦ ወንድም ሴትም ማንንም ዳንስ መጠየቅ ይችላሉ፤ አንድ ዘፈን ሲያልቅ ተመሰጋግኖ መለያየት እንጂ መቆራኘት የለም፤ እምቢ ያለን ሰው መነዝነዝ ነውር ነው። በአበሻ ሰርግ ላይ ሰውን እጁን ጎትቶ ወደ መሐል ማስገባት የፍቅር ምልክት ቢሆንም፣ እዚህ እንደዚያ አይታይም። ጫማው መሬት የማይዝ፣ ለመዞር የሚመች ሶል ያለው ቢሆን ጉልበትን ያድናል።

ሦስተኛው የኤል ሳልቫዶርና የሆንዱራስ ሰዎች ለራሳቸው የሚያዘጋጁት፣ በሜሪላንድ ምግብ ቤቶችና አዳራሾች የሚካሄደው ጭፈራ ነው። ከሳልሳ ይልቅ ኩምቢያና ባቻታ ይበዛል፤ ባንድ በቀጥታ የሚጫወትበት ምሽትም አለ፤ የሚመጡት ባልና ሚስት፣ እጮኛሞችና ቤተሰብ ስለሆኑ የሌላን ሰው አጣማጅ ዳንስ መጠየቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሁለተኛው ዓይነት ቤት ሰው እርምጃውን በልቡ ይቆጥራል፤ በሦስተኛው የሚቆጥር የለም። ሙዚቃው በሰዎቹ ሕይወት ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው ለማየት ይህኛው ይበልጣል፤ ሆኖም የሚያውቁት ሰው ይዞ ቢሄዱ ይሻላል። የላቲን አሜሪካ የሥራ ባልደረባ ያለው ሰው መጋበዝ ያለበት ለዚህ ምሽት ነው።

የት ከሚለው ጋር ምን የሚለውም መመረጥ አለበት። ከሁሉም የሚቀለው ሜሬንጌ ነው፤ በሁለት ምት በቦታው እንደመራመድ ስለሆነ በአንድ ዘፈን ይለመዳል። ባቻታ ሦስት እርምጃና በአራተኛው ላይ መሬት ነካ ማድረግ ነው፤ ዝግ ስለሚል ለጀማሪ ፋታ ይሰጣል። ሁለቱም ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጡ ናቸው፤ ዩኔስኮ ሜሬንጌን በ2016፣ ባቻታን በ2019 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯቸዋል። ባቻታ ለረጅም ጊዜ በአገሩ የድሆች ሰፈርና የመሸታ ቤት ሙዚቃ ተብሎ ሲናቅ የኖረ መሆኑን ያወቀ ሰው ዛሬ በየትምህርት ቤቱ በክፍያ ሲሰጥ ሲያይ ይገረማል። ሳልሳ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በኒው ዮርክ ከኩባና ከፖርቶ ሪኮ ሙዚቃ የተቀመረ ሲሆን፣ በስምንት ምት ውስጥ በአራተኛውና በስምንተኛው ላይ የሚቆም እርምጃ ስላለው ጀማሪን ያስቸግራል። አንዳንዱ አስተማሪ በመጀመሪያው ምት፣ አንዳንዱ በሁለተኛው መነሣትን ያስተምራል፤ ጀማሪ አንዱን መርጦ ለጥቂት ወራት ቢጸና ይሻለዋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ መጀመር ልፋት ነው።

በእስክስታ ያደገ ሰው አንድ ጥቅምና አንድ እንቅፋት ይዞ ይገባል። ምት የመስማት ችሎታው ይረዳዋል፤ ትከሻው ግን ከእግሩና ከወገቡ ቀድሞ መሥራት ስለሚፈልግ ጥንድ ዳንስ ላይ አጣማጁን ያውካል። ጆሮው ደግሞ ለዚህ ሙዚቃ ያን ያህል ባዳ አይደለም፤ ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ ያሳተማቸው ሁለት አልበሞች በላቲን ምት ላይ የተገነቡ ነበሩ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች በኩባ የወጣቶች ደሴት ተምረዋል፤ ከእነርሱ አንዱን የሚያውቅ ሰው ስፓኒሽ የሚያናግርለትና ከወለሉ ላይ የማይሸማቀቅ ጓደኛ አግኝቷል ማለት ነው።

ትያትርና ሙዚየም

ከዳንስ ቤት ይልቅ ተቀምጦ ማየት ለሚመርጥ ሰው፣ በእኔ ግምት በከተማው ካሉት ሁሉ የሚበልጠው በኮሎምቢያ ሃይትስ፣ በ14ኛው መንገድ ላይ ያለው ጋላ ሂስፓኒክ ትያትር ነው። ድርጅቱ በ1976 ተመሠረተ፤ ከ2005 ጀምሮ የሚሠራበት ቲቮሊ የተባለው ሕንፃ ደግሞ በ1924 በሲኒማ ቤትነት የተከፈተና በ1976 ተዘግቶ ለረጅም ዘመን ባዶውን የቆየ ነው። ተውኔቶቹ በስፓኒሽ ይቀርባሉ፤ የእንግሊዝኛው ትርጉም በጽሑፍ ስለሚታይ ስፓኒሽ የማይችል ሰውም ይከታተላቸዋል። የአገሩን ሰውና እንግዳውን በእኩል ዓይን የሚጠብቅ ቤት ቢኖር ይህ ነው፤ ከጎንዎ የተቀመጡት አዛውንት በቀልዱ ሲስቁ ትርጉሙን አንብበው እስኪስቁ ጥቂት መዘግየትዎ ግን አይቀርም።

ከዚያ በእግር የሚደረሰው የሜክሲኮ የባህል ተቋም በ16ኛው መንገድ ላይ ይገኛል። ቤቱ በ1910 እና 1911 የተሠራ መኖሪያ ሲሆን፣ የሜክሲኮ መንግሥት በ1921 ገዝቶት እስከ 1989 ድረስ ኤምባሲው ነበር። ሮቤርቶ ኩዌቫ ዴል ሪዮ ከ1933 እስከ 1941 በደረጃው ግድግዳ ላይ ከፎቅ ወደ ፎቅ የሣለው የሜክሲኮ ታሪክ ብቻውን መሄድን ያስመኛል። መሐል ከተማ፣ ከዋይት ሐውስ ብዙም ሳይርቅ ያለው የአሜሪካዎች የሥነ ጥበብ ሙዚየም ደግሞ በአሜሪካ አገሮች ድርጅት ሥር በ1976 የተቋቋመ ነው፤ ዘመናዊ ሥዕል ለሚወድ ሰው ይሆናል፤ ልጅ ግን ቶሎ ይሰለቻል። በሁለቱም መግቢያ አይከፈልም። የአሜሪካ ምክር ቤት በታኅሣሥ 2020 እንዲቋቋም የወሰነው የአሜሪካ ላቲኖ ብሔራዊ ሙዚየም የራሱ ሕንፃ ገና አልተሠራለትም።

ምግብ፣ በተለይ ለሚጾምና አሳማ ለማይበላ

የምግብ ምርጫው የሚያደናግረው ሁሉም ቤት ሁሉንም ያቀርባል የሚል ሰሌዳ ስለሚሰቅል ነው። የኤል ሳልቫዶር ቤት ታኮ ቢያቀርብም የሚመዘነው በፑፑሳው ነው። ፑፑሳ ከበቆሎ ሊጥ የሚጋገር፣ መሐሉ የተሞላ ወፍራም ቂጣ ሲሆን፣ ኩርቲዶ ከሚባል በኮምጣጤ ከተዘጋጀ ጥቅል ጎመን ጋር በእጅ ይበላል። ሲታዘዝ በእጅ ተጠፍጥፎ የሚጋገርበት ቤትና አስቀድሞ ተጋግሮ የሚሞቅበት ቤት ልዩነታቸው ሰፊ ነው፤ ከወጥ ቤቱ የጥፍጠፋው ድምፅ የሚሰማበት ቤት ይመረጥ።

እዚህ ላይ ለኦርቶዶክስና ለሙስሊም አንባቢ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ሬቡዌልታ የሚባለው በጣም የተለመደው ፑፑሳ የአሳማ ሥጋ፣ ቦሎቄና አይብ የተቀላቀለበት ነው። ቦሎቄ ብቻ የሚለውም ቢሆን ቦሎቄው በአሳማ ስብ የተጠበሰ ሊሆን ይችላል፤ ታማል የሚባለው በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ምግብም እንዲሁ። አሳማ ላለመብላት «ሲን ሴርዶ»፣ ስብ መኖሩን ለማጣራት ደግሞ «ቲየኔ ማንቴካ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሎሮኮ የሚባለው የአበባ እንቡጥ ከአይብ ጋር ስለሚመጣ ለጾም አይሆንም። በዘይት የተሠራ መሆኑ የተረጋገጠ ቦሎቄ፣ ሩዝና ፕላንቴን የሚባለው የተጠበሰ የሙዝ ዓይነት ጿሚን ያጠግባሉ።

አሳማውን ለመሸሽ የፔሩ ዶሮ ቤት የተሻለ አማራጭ ነው። በ1950 ሊማ አካባቢ የተጀመረው በፍም የተጠበሰ ዶሮ በዚህ አካባቢ እጅግ ተስፋፍቷል፤ አርሊንግተን የሚገኘው ኤል ፖዮ ሪኮ ከቀደሙት አንዱ ነው። የአስተራረድ ጉዳይ ለሚያሳስበው ሙስሊም ግን ይህም መጠየቅን ይፈልጋል። የቦሊቪያ ሳልቴኛ፣ መረቅ ያዘለው የተጋገረ ሳምቡሳ መሰል ምግብ፣ በአገሩ ወግ የሚበላው ከረፋድ እስከ እኩለ ቀን ስለሆነ ማታ ሄዶ ማጣት አለ።

ወቅት

ዘመኑን መምረጥ ለሚችል ሰው የሂስፓኒክ ቅርስ ወር የሚባለው ጊዜ ይመቻል። ወሩ የሚውለው ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኦክቶበር 15 ሲሆን፣ በአብዛኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር መስከረም 5 ተጀምሮ ጥቅምት 5 ያበቃል፤ መነሻ ቀኑ ኤል ሳልቫዶርን ጨምሮ የአምስት የመካከለኛው አሜሪካ አገሮች የነጻነት በዓል ነው። የእንቁጣጣሽ ድግስ ካለቀ ቀናት በኋላ መሆኑ ቤተሰብ ይዞ ለመውጣት ያመቻል። በዚህ ወቅት የሚዘጋጀው ፊዬስታ ዲሲ የሚባለው የአደባባይ በዓል መሠረቱ በ1970ዎቹ አዳምስ ሞርጋንና ማውንት ፕሌዛንት ይካሄድ የነበረው የላቲኖ ፌስቲቫል ነው፤ በቅርብ ዓመታት በፔንሲልቬኒያ አቬኑ ተካሂዷል። በነጻ ብዙ አገሮችን በአንድ ቀን ያሳያል፤ በዚያው ልክ ግርግሩና ወረፋው ያደክማል። አዛውንት ይዞ ለሚሄድ ሰው፣ በኖቬምበር መጀመሪያ ለሙታን መታሰቢያ ቀን በሜክሲኮ የባህል ተቋም የሚዘጋጀውን በአበባና በሻማ ያጌጠ መሠዊያ ማየት ከዚህ ይሻላል።

ሲነሡ

ገንዘቡ የተወሰነ ቤተሰብ ቅዳሜ ቀን ዊተን ላይ ምሳ በልቶ ቢመለስ ያተርፋል፤ ጥንዶች ደግሞ የጋላን ትያትር ከእራት ጋር ቢያጣምሩ ከየትኛውም የመሐል ከተማ ቤት የተሻለ ምሽት ያሳልፋሉ። ዳንስ ያማረው ብቸኛ ሰው በሶሻል ይጀምር፤ ምግብ ቤት ወደ ዳንስ ቤት የሚለወጥበትን ምሽት ለጓደኞቹ ይተወው። ማታ ለሚወጣ ሰው የመጨረሻው ሜትሮ የሚነሣበትን ሰዓት አስቀድሞ ማየት የታክሲ ዋጋ ያድናል፤ ዕድሜ ለማሳየት ዋናው መታወቂያ እንጂ በስልክ የተነሣ ፎቶ አይበቃም፤ መጠጥ የሚፈቀደው 21 ዓመት ለሞላው ብቻ ነው። በጠረጴዛ የሚያስተናግዱ ቤቶች ውስጥ ከሒሳቡ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ጉርሻ ይጠበቃል፤ አንዳንዱ ቤት ራሱ ጨምሮ ስለሚያስከፍል ደረሰኙን ማንበብ ይገባል።

የአገሩን ሰው በሚጠብቁት ቤቶች ውስጥ ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ማንሣት አይገባም። ከደንበኞቹ መካከል የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳያቸው ያልተቋጨ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ስልክ ወደ እነርሱ ሲዞር ምን እንደሚሰማቸው ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ሳህኑን ማንሣት ግን ማንም አይከለክልም።